ክንዳችን የትኛው ማሽን ነው? የሰው አካልንና ቀላል ማሽኖችን በአንድነት ያስተማርኩበት መንገድ

የማስተምረው ደሴ ውስጥ በሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ተማሪዎቼ ከ10 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው፣ በአንድ ክፍል ከ60 የማያንሱ ልጆች ናቸው። ስለ ሰው አካልና ስለ ቀላል ማሽኖች የሚሰጠው ትምህርት በተለያየ ጊዜ ለየብቻ የሚቀርብ በመሆኑ፣ የአዋቂ ሰው አካል 206 አጥንቶች እንዳሉት፣ ቀላል ማሽኖችም ስድስት ዓይነት (ማንሻ፣ መዘውር፣ ሽብልቅ፣ ብሎን፣ ተዳፋት፣ ጎማና ዘንግ) እንደሆኑ በቃላቸው ይወጡታል፤ አንዱ ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ሲጠየቁ ግን መልስ የላቸውም። ሁለቱን አንድ ላይ ለማስተማር የወሰንኩት፣ አጥንት፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ እንዴት እንደሚሠሩ ያለ ማንሻ (በመደገፊያ ላይ የሚንቀሳቀስ ዘንግ) ሕግ አሟልቶ ማስረዳት ስለማይቻል ነው። በቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልደራደርም፤ መጀመሪያ በዓይን የሚታየውና በእጅ የሚነካው ማሽን፣ ቀጥሎ በቆዳ የተሸፈነው አካል መምጣት አለበት።

የጀመርነው ከግንባታ በተረፈ አንድ ሳንቃና አንድ የእንጨት ጉማጅ ነው። ሚዛን ባይኖረንም የውኃ ጠርሙስ በየቤቱ ሞልቷል፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ ባለ 1 ሊትርና ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ እስከ አፉ ሞልቶ መክደን በቂ ነው። ሳንቃውን መሃል ለመሃል በጉማጁ ላይ አሳርፈን ባዶውን ሚዛኑን እንዲጠብቅ ካደረግን በኋላ፣ ባለ 2 ሊትሩን ከመደገፊያው 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ አስቀመጥኩና ባለ 1 ሊትሩ በሌላው ወገን የት ቢቀመጥ ሳንቃው እንደሚስተካከል በየደብተራቸው ግምታቸውን እንዲጽፉ አደረግሁ። አብዛኞቹ “እዚያው 30 ላይ” ብለው ጻፉ። ጠርሙሱን በተራ እየመጡ ወደ ዳር ገፉት፤ 60 ላይ ሲደርስ ሳንቃው ቀጥ አለ። የማንሻን ሕግ፣ ማለትም ሸክም በርቀቱ ሲባዛ ከኃይል በርቀቱ ሲባዛ ጋር እኩል መሆኑን ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት፣ ልጆቹ “ግማሽ ክብደት፣ እጥፍ ርቀት” ማለት ከጀመሩ በኋላ ነው። ግምት አስቀድሞ ማስጻፉ ጊዜ ቢወስድም አይቆጭም፤ የገመተ ልጅ ውጤቱን ለማየት አንገቱን ያሰግጋል፣ ያልገመተ ግን ጓደኛውን ይጎነትላል።

ከዚያ ወደ ክንድ ተሻገርን። እያንዳንዱ ልጅ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ሳያስደግፍ ክንዱን በቀኝ ማዕዘን አጥፎ ባለ 1 ሊትሩን ጠርሙስ በመዳፉ ላይ እንዲይዝ፣ በሌላው እጁ ደግሞ የክርኑን ውስጠኛ እጥፋት እንዲዳብስ አዘዝኩ። እዚያ ቦታ ላይ እንደ ክራር ክር የተወጠረ ጅማት ይገኛል፤ የላይኛውን ክንድ የፊት ጡንቻ ከታችኛው ክንድ አጥንት ጋር የሚያያይዘው እሱ ነው። በማስመሪያ ስንለካ፣ በነዚህ ልጆች ላይ ከክርን መገጣጠሚያ እስከ ጅማቱ ማያያዣ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ መዳፍ ደግሞ ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሂሳቡን ራሳቸው ሠሩት፦ የክንዱን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር እንኳ፣ 1 ኪሎ ለመያዝ ጡንቻው የ8 ኪሎ ያህል መሳብ አለበት። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ “ቲቸር፣ እንግዲያው ክንዳችን የሚያከስር ማሽን ነዋ!” አለች። የነጋዴ ከተማ ልጅ በመሆኗ ይመስለኛል፣ ነገሩን በትርፍና በኪሳራ ነበር የያዘችው፤ ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ግን እኔም ልጠይቅ አልችልም ነበር።

ለጥያቄዋ መልስ የሰጠው ሁለት ጣውላ፣ አንድ የበር ማጠፊያና ሲባጎ ነው። ሁለቱን ጣውላዎች በማጠፊያ አገናኝተን፣ ሲባጎውን ከማጠፊያው 3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከታችኛው ጣውላ ጋር አሰርነው። ሲባጎው 1 ሴንቲ ሜትር ሲሳብ፣ በ24 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለው የጣውላው ጫፍ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይነሳል። ጡንቻ በኃይል የከሰረውን በርቀትና በፍጥነት ያተርፋል ማለት ነው፤ ድንጋይ መወርወር፣ ኳስ መቅለብ፣ በፍጥነት መጻፍ የምንችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። “ማሽን ማለት ሥራን የሚያቀልል ነው” የሚለው የተለመደው ፍቺ ልጆቹን የሚያደናግራቸው እዚህ ላይ በመሆኑ፣ ማሽን ኃይልን፣ ርቀትን ወይም አቅጣጫን የሚለውጥ ነገር ነው ብሎ ማስተማሩ ይሻላል።

ሲባጎውን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ሌላ ጊዜ የባጃጅ ከመነዳሪ ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፤ ላስቲክ ግን በራሱ ይኮማተራልና ዋናውን ነጥብ ይሸፍነዋል። ሲባጎ ሲገፋ ይጣጠፋል እንጂ ምንም አይገፋም። “ታዲያ ክንዱ ተመልሶ በምን ይዘረጋል?” ብዬ ስጠይቅ፣ ከኋላ በኩል ሁለተኛ ሲባጎ መታሰር እንዳለበት አንዱ ቡድን ሳይነገረው ደረሰበት። ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ስለዚህም ብዙዎቹ ጡንቻዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ።

መደገፊያው፣ ሸክሙና ኃይሉ በሚቀመጡበት ቅደም ተከተል የሚለያዩትን ሌሎቹን የማንሻ ዓይነቶች በፍጥነት አለፍናቸው። በእግር ጣት ሲቆም ጣቶቹ ሥር ያለው መደገፊያ፣ የሰውነት ክብደት መሃል ላይ፣ ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ደግሞ የሚስበው ኃይል ነው፤ ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪም አሠራሩ ይኸው ነው። ጭንቅላት በአንገት አናት ላይ ያረፈ ቢሆንም ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላልና ከኋላ ያሉት የአንገት ጡንቻዎች ይይዙታል፤ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ለሚያንቀላፋ ልጅ አገጩ ለምን ደረቱ ላይ እንደሚወድቅ ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልግም። የፊት ጥርስ ሽብልቅ ነው። መዘውር ለማሳየት ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሚያዩት የሰንደቅ ዓላማ መስቀያ አለ፤ ገመዱ ወደ ታች ሲሳብ ሰንደቁ ወደ ላይ ይወጣል።

ሁሉን ነገር ማሽን ለማድረግ የሚመጣውን ፈተና ግን መቋቋም ያስፈልጋል። አንጀት የተጠቀለለ ስለሆነ ብሎን ነው ያለ ልጅ ነበር፤ ጥቅልል መሆን ብቻውን ብሎን አያደርግም፣ አንጀት የሚጠቀለለው ረጅም ሆኖ በጠባብ ቦታ ስለሚቀመጥ ነው ብለን ተከራከርን። ከዚያ በኋላ አንድን የአካል ክፍል ማሽን ነው የሚል ልጅ መደገፊያውን፣ ሸክሙንና ኃይሉን ወይም ተዳፋቱን በጣቱ እንዲያሳይ ደንብ አወጣን።

ተዳፋትን ለማስተማር ደሴ የተመቸች ናት። ወደ ኮምቦልቻ የተጓዘ ልጅ ሁሉ የሐረጎን ጥምዝምዝ ያውቃል፤ መንገዱ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ወደ 600 ሜትር ገደማ ስለሚወርድ፣ በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር 24 ሜትር ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ቢሠራ ኖሮ ይህን ያህል ከፍታ የጫነ ከባድ መኪና ባልወጣው ነበር። በጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩት ልጆች ደግሞ እንጨት የተጫነ አህያ ዳገቱን ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየተጠማዘዘ እንደሚወጣ ነገሩኝ፤ ያስተማረው ሰው የለም። በዳገት ላይ የልብ ምት የማስቆጠሩን ሙከራ ግን ለትልቅ ክፍል አልመክርም፤ ልጆቹ ይሽቀዳደማሉና የሚገኘው ቁጥር የዳገቱ ሳይሆን የሩጫው ይሆናል።

ከሁሉም ይበልጥ የጠቀመን በጫኝና አውራጅነት የሚሠራ አንድ ወላጅ መጋበዛችን ነው። ልጆቹ “ጋሼ” እያሉ ከበቡት፤ እሱም “ሸክም ከደረታችሁ በራቀ ቁጥር እየከበደ ነው የሚሄደው፤ ኩንታሉም ቢሆን ቁጢጥ ብላችሁ አቅፋችሁት ከተነሳችሁ ይታዘዝላችኋል” ብሎ በጀሪካን አሳያቸው። የጀርባ ጡንቻዎች ከአከርካሪው መሃል የሚርቁት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ ጎንበስ ብሎ እጅን ዘርግቶ ማንሳት ያው የክንዱ ሂሳብ ነው፤ ኪሳራው ግን ወገብ ላይ ያርፋል። ውኃ የሚቀዱት ልጆች ይህንን ወዲያው ተቀበሉት።

ለምዘና ስም ከመጠየቅ ይልቅ የመቀስ፣ የበርና የክንድ ሥዕል ሰጥቼ ሦስቱን ነጥቦች (መደገፊያውን፣ ሸክሙንና ኃይሉን) በሦስት ቀለም እንዲያመለክቱ አደረግሁ። መቀሱና በሩ አላስቸገራቸውም፤ በክንዱ ሥዕል ላይ ግን ብዙዎቹ የኃይሉን ቀለም መዳፍ ላይ አደረጉት፣ ድካሙ የሚሰማቸው እዚያ ነውና። መፍትሔው ሥዕሉን ትቶ እጃቸውን ወደ ክርናቸው እጥፋት መመለስ ሆኗል።

የቀረን መንጋጋ ነው። ማጠፊያው ከጆሮ ፊት ለፊት ስለሚገኝ፣ ወደ እሱ የቀረቡት የኋላ ጥርሶች ከፊቶቹ የበለጠ ኃይል ያገኛሉ፤ ለዚህ ከቆሎ የተሻለ መሞከሪያ የለም። ብዙ ልጆች በሚጾሙበት ወቅት ክፍል ውስጥ ቆሎ ማደል ተገቢ ስላልሆነ፣ የሚጾሙት ካፈጠሩ በኋላ ቤታቸው እንዲሠሩት አድርጌዋለሁ። የሚመዘግቡት ቆሎው በየትኛው ጥርስ በቀላሉ እንደተሰበረ፣ ያ ጥርስም ከመንጋጋው መገጣጠሚያ በስንት ጣት እንደሚርቅ ነው።