ሙላቱ እስኪጎድል

ግንቦት 29፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ

ከሁለት ሳምንት ወዲህ ከሥራ እንደገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ የአርካንሳስን ወንዝ መጠን የሚያሳየውን ግራፍ መክፈት ልማድ ሆኖብኛል። ፓርክዴል ላይ ያለው መለኪያ ዛሬ ማምሻውን በሰከንድ 3,400 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ወደ 96 ሜትር ኩብ ውሃ አሳይቷል። መጠኑ ከ3,200 ሲያልፍ በሮያል ጎርጅ ሸለቆ በጎማ ጀልባ ባይወረድ ይመከራል፤ ጓደኞቼ የመረጡት ሸለቆ ደግሞ ይኸው ነው፣ የቆረጡትም ቀን የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ባሕር ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው የዚህ ወንዝ ጠባይ ግራ ያጋባል። ዓባይ የሚሞላው በክረምት፣ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓዱ ሲያስገመግም ስለሆነ፣ ሙላቱን ዓይንም ጆሮም አስቀድሞ ያውቀዋል። አርካንሳስ ግን ከሊድቪል በላይ በተራሮቹ ላይ የተከመረው በረዶ ሲቀልጥ የሚሞላ ነውና ደመና በሌለበት በጠራራ ፀሐይ ይደፈርሳል፤ እንዲያውም ቀኑ በሞቀ ቁጥር ይብስበታል። በግራፉ ላይ መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ በየዕለቱ ከፍ ዝቅ የሚለውም፣ ቀን የቀለጠው ውሃ ታች ያለው መለኪያ ዘንድ የሚደርሰው ከብዙ ሰዓት ጉዞ በኋላ ስለሆነ ነው።

አምና በዚሁ ወንዝ ላይ ባለው ብራውንስ ካንየን በሚባለው ሸለቆ ከጀልባው ወድቄያለሁ። የጣና ዳር ልጅ ነኝና ዋና አውቃለሁ፤ ሆኖም ቅዝቃዜው ትንፋሼን ቀጥ ሲያደርገው ዋናዬ የት እንደገባ አላውቅም። በጀርባ ተንጋልሎ እግርን ወደ ወራጁ አቅጣጫ ማስቀደም እንደሚገባ፣ ለመቆም መሞከር ግን ክልክል እንደሆነ፣ እግር በድንጋይ መካከል ከተሰነቀረ ውሃው ሰውን በፊቱ ደፍቶ እንደሚያስቀር መሪያችን ጠዋት ነግሮን ነበር። ይህን እያወቅሁ፣ ከሥሬ ያሉት ድንጋዮች ቁልጭ ብለው ስለታዩኝ፣ እግሬ ልቁም ልቁም እያለ አስቸገረኝ። ከንፈሬን የሰነጠቀኝም ድንጋይ አልነበረም፤ ራሴ የለቀቅሁት የመቅዘፊያ እጀታ ነው። እማዬ በስልክ «ውሃ እኮ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» ስትለኝ ስለ ከንፈሬ ትንፍሽ አላልኩም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለጓደኞቼ ጉዞው ወደ ሐምሌ አጋማሽ እንዲዛወር፣ ቦታውም በወራጁ አስቸጋሪነት ደረጃ 4 እና 5 ከሚባለው ሮያል ጎርጅ ይልቅ ደረጃ 3 የሆነው ብራውንስ ካንየን እንዲሆን ጻፍኩላቸው። ያን ጊዜ ውሃው ይደርቃል የሚለው ስጋታቸው ብዙም አያሳምነኝም፤ እስከ ነሐሴ 9 ድረስ፣ ወንዙ ሲያንስ ከላይ ካሉት ግድቦች ውሃ እየተለቀቀ በሰከንድ 700 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ እንዲቆይ የሚደረግበት ስምምነት አለ። ፈሪ እንደሚሉኝ አልጠፋኝም። ነገር ግን ከአምስታችን አንዱ፣ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ፣ ዋና አይችሉም፤ ይህንንም ለእኔ ብቻ ነው የነገሩኝ፤ በመልእክቴም አላነሳሁትም።

ሁለቱ ወዲያውኑ ተቃወሙ፤ አንዱ እስካሁን ዝም ብሏል። ጋሼ ግን ቀኑንም ቦታውንም ሳያነሱ፣ ያ ገላ ላይ የሚጣበቀው የጎማ ልብስ በእርሳቸው ልክ ይገኝ እንደሆነ ብቻ ጠየቁ።