ሽቅብ ወደ ቀኝ፣ ቁልቁል ወደ ግራ

በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የምትሄደው ሃይብሪዷ ቶዮታ ፕሪየስ ማርቆስ ጋራዡ የደረሰችው አላይመንት (የጎማ አቀማመጥ ማስተካከያ) ተሠርቶላት፣ የፊት ጎማዎቿ ግራና ቀኝ ተቀያይረው፣ የመሪዋ ሴንሰርም በስካነር ዜሮ ከተደረገ በኋላ ነው። ሦስተኛው ትውልድ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 ባለው ሞዴል የምትታወቀው። ባለቤቷ ከቢቸና ወጣ ብለው የሚኖሩ የጤፍ ነጋዴ ናቸው። ችግሩን የተናገሩት ባጭሩ ነበር፦

«ሽቅብ ስረግጣት ወደ ቀኝ ትስበኛለች። ቁልቁል ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ። ከደጀን ወደ አባይ ስወርድ ደግሞ እስከ ተወሰነ ድረስ ስባኝ ስባኝ፣ ከዚያ በኋላ ፍሬን ብይዝም ትተወኛለች።»

ስካነር ይዞ ከጋራዥ ጋራዥ የሚዞረው ልጅ ሳቀ። መሪውን ዜሮ ያደረገውም እሱ ነው። «ጋሼ፣ መኪና እኮ ሽቅብና ቁልቁል አያውቅም።»

ካፖው፣ የጋራዡ ዋና መካኒክ፣ አልሳቀም። «ስትተውዎት ባትሪው ሞልቶ ነበር?»

«ምኑን አውቄው ልጄ! ያች አረንጓዴዋ ግን እስከ አፍ ጢሟ ደርሳ ነበር።»

ምርመራው እዚህ ላይ አልቋል ማለት ይቻላል፤ የቀረው ማረጋገጥ ነው። አላይመንት የተበላሸበት ወይም ጎማው የተዛባ መኪና ተረገጠ አልተረገጠ ወደ አንድ ጎን ይስባል። የመሪው ዜሮ የተዛባም እንደዚያው ነው። የፍሬን ፒስተን የያዘው ደግሞ ባትሪ ሞላ አልሞላ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይስባል። ነዳጅ ሲረገጥ ወደ ቀኝ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ የሚገለባበጥ ከሆነ ግን ጥፋቱን ከሴሚያሱ (ጉልበቱን ወደ ጎማው ከሚያደርሰው ዘንግ) ጋር ተያይዞ መፈለግ ነው። በሃይብሪድ ላይ የፊት ጎማን የሚጎትተው የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ፍሬን ሲረገጥ ጄኔሬተር ሆኖ በዚያው በሴሚያስ በኩል ጎማውን ይይዛል። ጉልበቱ አቅጣጫ ሲቀይር ስበቱም አብሮ ይቀየራል። የፍሬን ሸራ ግን ዲስኩን የሚይዘው እዚያው ጎማው ላይ ስለሆነ ሴሚያሱን አይነካውም።

አባይ በረሃ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የዚህች መኪና ባትሪ ሁለመናው 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ መካከለኛውን ድርሻ ብቻ። ሰውና ዕቃ ጭና አንድ ቶን ተኩል የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። ድልድዩ ጋ ሳትደርስ ባትሪው ይሞላል፤ ሲሞላ ኮምፒውተሩ የፍሬኑን ሥራ ለሸራው ይሰጣል። ሰውየው «ትተወኛለች» ያሉት ይህንን ነው። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ስካነሩም አይሰጥም፤ የተሳቀበት ግን እሱ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የጎማው ነፋስ መጀመሪያ ይለካል፤ ለ195/65 አር 15 ጎማዋ የፊቱ 35፣ የኋላው 33 ፒኤስአይ ነው። ከዚያ ሜዳና ጭር ያለ መንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ፣ እጅ መሪው ላይ ላላ ብሎ፣ ፍሬኑን በስሱ መያዝ፤ አንዴ ማርሹ በዲ (መንጃው) ላይ፣ አንዴ በኤን (ነፃው) ላይ ሆኖ። ኤን ላይ ሞተሩ አይጎትትም፣ አይሞላምም፤ የሚይዘው ሸራው ብቻ ነው። በአማኑኤል መንገድ ተሞከረች። በዲ ወደ ግራ፣ በኤን ቀጥ። ችግሩ የታችኛው አርም (ጎማውን ከመኪናዋ አካል የሚያያይዘው ክንድ) የኋላ ጎሚኒ ቢሆን ኖሮ በኤንም ይስብ ነበር፤ የላላ ጎሚኒ ጎማውን የሚያዛባው ፍሬኑ ከየትም ይምጣ ነው።

ልጁ አሁንም አልተረታም። «በቃ ረጅሙ ሴሚያስ ነዋ! ይጠመዘዝና ጉልበቱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አጭሩ ቀድሞ ይጎትታል።»

ይህ ወሬ በየጋራዡ አለ። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማ የሚያካፍለው እኩል ጉልበት ነው፤ የአንዱ ሴሚያስ መርዘም ድርሻውን አይቀንስበትም። ብረቱ ቢጠመዘዝም ለቅጽበት ነው። ይህች መኪና ግን ዳገቱን እስክትጨርስ ትስባለች። የርዝመቱ ጣጣ በማዕዘን በኩል ነው የሚመጣው፦ ሴሚያሱ ወደ ጎማው ዘንበል ብሎ ሲወርድ የውጭው መገጣጠሚያ ጎማውን ከማሽከርከር አልፎ በመሪ አቅጣጫ ወደ ውስጥ ያዞረዋል። ግራው ወደ ቀኝ፣ ቀኙ ወደ ግራ ይገፋል። ማዕዘናቸው እኩል ከሆነ ይጠፋፋሉ፤ ካልሆነ ብዙ ያዘነበለው ያሸንፋል።

ስለዚህ ማዕዘኑ ተለካ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ መኪናዋን በክሪክ አንስተው ጎማው እንደተንጠለጠለ ይለካሉ፣ ያኔ የሚገኘው ቁጥር ለምንም አይሆንም። መኪናዋ በራሷ ክብደት ጎማዋ ላይ ቆማ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ነው። ከዚያ በፊት «ሬዲ» የሚለው መብራት መጥፋቱ ይታያል፣ ቁልፉም ከመኪናዋ ይርቃል፤ ሃይብሪድ ሳትነካት ራሷ ቤንዚን ሞተሯን ታስነሳለች። የስልክ ውኃ ልክ ሴሚያሱ ላይ ተደገፈ፦ አጭሩ ግራው 8 ዲግሪ፣ ረጅሙ ቀኙ 5።

የሞተርና የካምቢዮ ሱፖርቶዎች (መያዣዎች) ታዩ፤ አንዱ ቢሰምጥ ይህንኑ ያመጣልና። ደህና ናቸው። ካፖው ባትሪ አብርቶ የሾኩን ራስ ሲያይ መኪናዋን ከፍ ለማድረግ የገባ፣ አራት ሴንቲ ሜትር የሚሆን የቶርኖ ብረት አገኘ።

«ጋሼ፣ ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ዘንድሮ ያስገቡት ነው፤ ከአስፋልቱ ወርደው ቤታቸው እስኪደርሱ ድንጋዩ ሆዷን እየላጠ አስቸግሯቸው። ሒሳቡ ይኸውና፦ አጭሩ ሴሚያስ 40፣ ረጅሙ 70 ሴንቲ ሜትር ነው ብንል፣ የ4 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ለአጭሩ 5.7 ዲግሪ፣ ለረጅሙ 3.3 ዲግሪ ይጨምርበታል። ሁለቱንም ጎን እኩል አነሳሁ ማለት ማዕዘኑን እኩል ጨመርኩ ማለት አይደለም። ጉልበቱም ቀላል አይደለም። ሞተሩ ከቆመበት ጀምሮ የሚሰጠው 207 ኒውተን ሜትር በ2.636፣ ከዚያም በ3.267 ጥርስ ተባዝቶ ሁለቱ ጎማዎች ላይ ወደ 1,780 ይደርሳል። ከዚህ በ8 እና በ5 ዲግሪ ልዩነት ጎማዎቹን በመሪ አቅጣጫ ለማዞር የሚተርፈው 23 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበራት ቁመት ጋር ሲተያይ አምስት እጥፍ ገደማ።

«ይውጣ» አለ ካፖው።

«ይውጣና መረሬው ላይ በሆዷ ትተኛልኝ?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክርክሩ ከምርመራው በላይ ፈጀ። መጨረሻ ላይ ብረቱ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ እንዲቀር ተስማሙ፤ ስበቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ሆዷም ትንሽ ትተርፋለች። ሾኩን ለማውረድ የዝናብ መጥረጊያውንና ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክ ማንሳት ስለሚያስፈልግ ግማሽ ቀን ይበላል። ብረቱ ቶርኖ ቤት ተመልሶ ተላጠ፤ የቶርኖው ሰው ለመቁረጫው ያስከፈለው ለመሥሪያው ካስከፈለው አላነሰም። የሴሚያሱ የውጭ መገጣጠሚያ የላስቲክ ሽፋን እጥፋቱ ላይ መሰንጠቅ ጀምሮ ስለነበር ግሪሱ ሳያልቅ ተቀየረ። የጎማው ዳዶዎች በመስቀል ተራ በ103 ኒውተን ሜትር ታሰሩ። አላይመንት እንደገና ተሠራ፤ ቁመት ሲቀየር የጎማው አቀማመጥም ይቀየራልና የቀድሞው አይሆንም።

ሰውየው ነድተው ተመለሱ። «አሁንም ትንሽ ትስባለች።»

«ትስባለች» አለ ካፖው። «እርስዎ ነዎት የመረጧት።»

ከፈሉ። ልጁ መሪውን ዜሮ ያደረገበትን ገንዘብ ግን አልመለሰም። የተባልኩትን ሠርቻለሁ ይላል። አልዋሸም፤ መሪው ዜሮ ነበር።