ሲቀዘቅዝ የሚሰነጠቀውን ቱቦ እንዴት አጠነከርነው

ቅሬታው የመጣው በኅዳር ነው። አዲስ አበባ ውርጭ በሚሆንባቸው ጠዋቶች የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ፋብሪካችን የሚያመርተውን ኮንዲዩት፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን የፒቪሲ ፕላስቲክ ቱቦ፣ በመጋዝ ሲቆርጡት ጫፉ እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቅባቸው ነበር። ቱቦው የሚሠራበት የፒቪሲ ሬዚን (ጥሬ ዱቄቱ) ከክብደቱ 57 በመቶ ያህሉ ክሎሪን ነው። ክሎሪኑ ሰንሰለቶቹን አጥብቆ ስለሚያያይዛቸው ቱቦው ግትር ነው፣ እሳትም ቶሎ አይይዘውም። ምት ግን አይችልም፣ ብርድ ሲጨመርበት ይብሳል።

መጀመሪያ ማለስለሻ ሞከርኩ። ለ100 ኪሎ ሬዚን ዲኦፒ ከተባለው ፈሳሽ ማለስለሻ 5 ኪሎ ጨመርኩና ቱቦው ይባስ ተሰባሪ ሆነ። ዲኦፒ የኬብል ልባስን የሚያለሰልሰው በብዛት ሲገባ ነው፤ ጥቂት ሲሆን ፒቪሲውን ጭራሽ ያደርቀዋል። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወደ ሲፒኢ ዞርኩ። ቱቦው ምት እንዲችል የሚገባ ማጠንከሪያ ነው፤ ክሎሪን የገባበት ፖሊኤትሊን (የፌስታል ፕላስቲክ)፤ የኛው ዓይነት 35 በመቶ ገደማ ክሎሪን ያለው፣ ጎማ ጠባይ ያለው ነጭ ዱቄት። በክሎሪኑ ምክንያት ከፒቪሲ ጋር ይጣበቃል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይሟሟበትም፤ የምወድለትም ይህንኑ ነው። ሟሙቶ ቢጠፋ ቱቦው በለሰለሰ ነበር፤ ጨርሶ ባይጣበቅ ደግሞ ስንጥቁ ከመገናኛው ይጀምር ነበር። 8 ኪሎ አስገባን። ናሙናዎቹን በረዶ ባለበት ውኃ አንድ ሰዓት አቆይተን ክብደት ስንጥልባቸው ሁሉም ቻሉት።

ቆይቶ ትእዛዝ በዛ። ምርት ለማፍጠን ማሽኑ ውስጥ እየዞረ ፕላስቲኩን የሚያሸውንና የሚገፋውን የስክሩውን ፍጥነት ጨመርን፣ ሙቀቱንም ከ185 ወደ 200 ዲግሪ ወሰድነው። ቱቦው አማረ፣ አብረቀረቀ። በረዶው ላይ ግን ተሰነጠቀ! ሬዚኑን ጠረጠርን፣ መሙያ ሆኖ የሚገባውን የካልሲየም ካርቦኔት ዱቄት ከረጢት ሁሉ ቀየርን። ጥፋቱ የኛው ሙቀት ነበር። ሲፒኢ የሚሠራው በፒቪሲ ቅንጣቶች ዙሪያ እንደ መረብ ተዘርግቶ ነው፤ ሙቀቱና መታሸቱ ሲበዛ መረቡ ይበጣጠስና ለየብቻ የተበተነ ጠብታ ይሆናል። መጠኑ ያው 8 ኪሎ ነው፣ የሚያግዘው ግን የለም። ወደ 185 ስንመለስ ጥንካሬው ተመለሰ፣ ማብረቅረቁ ግን ቀነሰ። እኔ ጥንካሬውን መረጥኩ። በሲፒኢ ፋንታ የሚገባ አክሪሊክ ማጠንከሪያ ሙቀትን የተሻለ ይችላል፤ ለኛ ግን ዋጋው ከበደን።

አሁን በየፈረቃው መጀመሪያ ናሙና በረዶ ውስጥ ይገባል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ በማሽኑ ሲሊንደር ውስጥ ሲበስል የቆየውን ፕላስቲክ እናስወጣለን፤ ቆይቶ ከተቃጠለ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጭስ ስላለው መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጭንብል ተደርጎ ነው። ቀጥለው የሚወጡትንም ሜትሮች፣ ምንም ቢያምሩ፣ የበረዶውን ፈተና ሳያልፉ አንሸጥም።