“ድሬ እኮ የፍቅር ሀገር ናት” አልኩት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ማታ። ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል።

ባለፈው ወር አንድ ተማሪዬ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወደ ኋላ ቀረ። ሁለተኛ ዓመት ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባው ከጋምቤላ አንስቶ፣ ሀገር ከጫፍ እስከ ጫፍ አሻግሮ፣ እኛ ጋ ያመጣው ልጅ። “ቲቸር፣ ግሩፕ የሚያስገባኝ አጣሁ” አለኝ። ስልኩ ላይ ያነሳውን የስም ዝርዝር አሳየኝ። ሁሉም አምስት አምስት ሆነው ተጽፈዋል፤ የእሱ ስም ብቻውን ከታች፣ በሌላ እስክሪብቶ። ዶርም ውስጥ በቆዳው ቀለም የሚጠሩበትን ቃልም ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም።

እኔስ ምን አልኩት? “ቀልደው ይሆናል፣ ቻለው። ድሬ እኮ የፍቅር ሀገር ናት።”

“እሺ ቲቸር” ብሎ ሄደ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ክፍል አልመጣም።

ይህችን ነገር ዕድሜ ልኬን ስላት ኖሬያለሁ፤ ከልቤም ነው። ከተማችን በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው ያደገች ናት። መጋላ ውስጥ አንዷ በአማርኛ ጀምራ፣ በኦሮምኛ ተከራክራ፣ በሶማሊኛ ዋጋ ስትቆርጥ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። በዚህ እኮራለሁ። ኩራቱ ግን ጆሮዬን ደፈነው። ልጁ የደረሰበትን ሲነግረኝ ከተማዬ የታማች መሰለኝና ለእሷ ጠበቃ ቆምኩ።

ፈልጌ አገኘሁት፤ ከላይብረሪው ጀርባ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጧል። ይቅርታ ጠየቅኩት። መሬት መሬት እያየ ብዙ ቆየ።

“ስድቡንስ ለምጄዋለሁ። እርስዎ ግን ያምኑኛል ብዬ ነበር።”

ከዚህ በኋላ ምክር አልጨመርኩም። ወረቀት አውጥተን ጻፍን፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተባለ። ቃሉ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። እስክሪብቶውን ተቀብሎኝ ራሱ ጻፈው። ላመልክት አላመልክት የሚለውን ለእሱ ተውኩለት፤ ማታ ዶርም የሚመለሰው እሱ ነዋ። ሦስት ቀን አሰበበት። በመሃል የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 አሳየሁት። ጣቱን “በቀለም” የሚለው ላይ አድርጎ ሁለቴ አነበበው።

እኔ ኮርስ ላይ ከእንግዲህ ግሩፕ በዕጣ ነው። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፤ ያጉረምርሙ። መጀመሪያም ለእነሱ መተው አልነበረብኝም።

የተማሪዎች ዲን ነገ 3 ሰዓት ላይ ቀጥሮናል፤ አብሬው እገባለሁ። ያ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ላብ ነክቶት ደብዝዟል፣ አሁን በንጹህ እየገለበጥኩት ነው። ቃሉ ጋ ስደርስ እጄ እንደገና ቆመ። ከዚያ፣ እሱ እንደጻፈው አድርጌ ጻፍኩት።