155 ሜጋ ስንት ሜጋባይት ነው? የድሮ ኤስዲኤች መስመሮችን ወደ ዛሬ መለኪያ የቀየርኩበት መንገድ

አዳማ ላይ የቆዩ የኤስዲኤች (የቴሌኮም ድርጅቶች በፋይበር ላይ ሲጠቀሙበት የኖሩት የማስተላለፊያ ሥርዓት) መስመሮችን ወደ ኤተርኔት ለማዛወር ስዘጋጅ መዝገቡ የሰጠኝ «ኤስቲኤም-1»፣ «ኤስቲኤም-16»፣ «21 ኢ-ዋን» የሚሉ ስሞችን ነው። ኤስቲኤም-1 ማለት የ155.52 ሜጋቢት በሰከንድ መስመር ነው፤ ኤስቲኤም-16 የዚያ 16 እጥፍ ነው፤ ኢ-ዋን ደግሞ የ2.048 ሜጋቢት ትንሽ መስመር ነው። ባክአፕ የሚልከው ክፍል ማወቅ የሚፈልገው ግን 50 ጊጋባይት አዲስ አበባ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ነው።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው «ሜጋ» ከሚለው ቃል ነው። «መቶ ሜጋ ገዛሁ» ሲባል የሞባይል ጥቅል ስለሆነ ሜጋባይት ነው። «ቤት 10 ሜጋ አስገባን» ሲባል ግን ፍጥነት ነው፤ ሜጋቢት በሰከንድ። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 155ን ሜጋባይት አድርጎ የወሰደ ሰው 50 ጊጋባይቱ በ5 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ያልቃል ይላል። ስለዚህ ባዘጋጀሁት ሠንጠረዥ ውስጥ «ሜጋ» ብቻ የተጻፈበት ሴል አላስቀረሁም፤ እያንዳንዱ ቁጥር ቢት ወይም ባይት መሆኑንና ከየትኛው ደረጃ እንደተወሰደ ከጎኑ ጻፍኩ።

ስሌቱን 155.52ን ለ8 በማካፈል አልጀመርኩም፤ ከፍሬሙ፣ ማለትም መስመሩ በአንድ ጊዜ ከሚልከው የባይት ጥቅል ተነሳሁ። የኤስቲኤም-1 ፍሬም 9 ረድፍና 270 ዓምድ፣ ማለትም 2,430 ባይት ነው። በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይላካል፤ ቁጥሩ የመጣው የስልክ ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ስለሚለካ ነው። 2,430 × 8 × 8,000 ሲባዛ 155,520,000 ቢት በሰከንድ ይሆናል። ከ270ው ዓምድ 9ኙ የመስመሩ መቆጣጠሪያ፣ 1ዱ ደግሞ የቪሲ-4 (ዳታው የሚጫንበት መያዣ) መቆጣጠሪያ ናቸው። ለእኛ የሚቀረው 260 ዓምድ ነው፦ 149.76 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ወይም 18.72 ሜጋባይት በሰከንድ።

በዚህ ላይ ኤተርኔት በጂኤፍፒ (ፓኬቱን ለኤስዲኤች በሚያመች መልክ የሚጠቀልል አሠራር) ተጠቅልሎ ይገባል። 1,500 ባይት ፓኬት 18 ባይት የኤተርኔትና 8 ባይት የጂኤፍፒ ሲጨመርበት 1,526 ይሆናል። ከ1,500ው ውስጥ የአይፒና የቲሲፒ ራስጌ ከነሰዓት ምልክቱ 52 ባይት ስለሚወስድ የፋይሉ ድርሻ 1,448 ነው። 149.76 × 1,448 ÷ 1,526 = 142.1 ሜጋቢት፣ ማለትም 17.76 ሜጋባይት በሰከንድ። 50 ጊጋባይቱ 47 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዊንዶውስ «50 ጂቢ» ብሎ ያሳየው ፋይል ከሆነ ግን በ1,024 ስለሚቆጥር እውነተኛው መጠን 53.69 ቢሊዮን ባይት ነው፤ ጊዜውም ከ50 ደቂቃ ያልፋል። የመስመር ፍጥነት ሁልጊዜ በ1,000 ነው የሚቆጠረው።

አሮጌውንና አዲሱን ስናነጻጽር ሚዛኑ እኩል አይደለም፤ ይህን ብዙዎች ይስቱታል። የኤስቲኤም ስም ኦቨርሄዱን (የመቆጣጠሪያ ባይቶቹን) ጨምሮ ይናገራል። ጊጋቢት ኤተርኔት ግን ፋይበሩ ላይ 1.25 ጊጋ ምልክት በሰከንድ እየላከ ስሙ 1,000 ሜጋቢት ብቻ ይላል፤ የኮዱ ጭማሪ አስቀድሞ ተቀንሷል።

የመለኪያ መሣሪያው በአሜሪካኖቹ አጠራር ኦሲ ካለ፣ መነሻው (ኦሲ-1) 51.84 ሜጋቢት ስለሆነ ቁጥሩን ለ3 አካፍሉ፦ ኦሲ-3 ኤስቲኤም-1 ነው፣ ኦሲ-48 ደግሞ ኤስቲኤም-16። 48ን በ155.52 ያባዛ ሰው ሦስት እጥፍ ይሳሳታል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የወሰደብኝ «ኤስቲኤም-16» የሚለው ነው። ተያይዞ እንደ አንድ ቧንቧ የተዋቀረ ከሆነ 2,396.16 ሜጋቢት ይሰጣል። በ16 የተለያዩ ቪሲ-4 ከተከፋፈለ ግን አንድ ፋይል ከአንዱ ቪሲ-4 አያልፍም፤ ያው 142 ሜጋቢት ነው። ወደ ኢ-ዋን ወርዶ ከተቆራረጠ ደግሞ 1,008 ኢ-ዋን ይይዛል፣ ድምሩም 2,064.384 ሜጋቢት ነው። ይህን ከመዝገብ ማወቅ አይቻልም፤ የመሣሪያውን ክሮስ ኮኔክት (የትኛው መስመር ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ የሚያሳይ) ዝርዝር አውጥቶ መስመር በመስመር ማየት ግድ ነው። እግረ መንገዴን፣ በቆዩ ሰነዶች ጣቢያው «ናዝሬት» ተብሎ ስለሚገኝ ፍለጋው በሁለቱም ስም መሆን አለበት።

«21 ኢ-ዋን»ም ሁለት መልስ አለው። ራውተር ላይ እንደ ኢ-ዋን ከገቡ ከ32ቱ ክፍል አንዱ ለማመሳሰያ ስለሚሄድ እያንዳንዱ 1.984፣ ድምሩ 41.664 ሜጋቢት ነው። በቪሲ-12 (ለአንድ ኢ-ዋን የተሠራ ትንሽ መያዣ) ተጣምረው ኤተርኔት ከተሸከሙ እያንዳንዱ 2.176 ይሰጣል፤ ድምሩ 45.696።

ወደ 10 ጊጋ ስትሻገሩ ተጠንቀቁ። ኤስቲኤም-64 9.953 ጊጋቢት ቢባልም ለዳታ የሚሰጠው 9.585 ነው፤ ሙሉ 10 ጊጋቢት ኤተርኔት አይገባበትም።

ስሌቱን በሙከራ ስታረጋግጡ መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። የተረኛው ደብተር «ከሌሊቱ 7 ሰዓት» ሲል በ24 ሰዓት አቆጣጠር 01:00 ነው፤ በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት የሚዘገይ ዓለም አቀፍ ሰዓት) የተሞላ መሣሪያ ግን ያንኑ ቅጽበት የዋዜማው 22:00 ብሎ ይመዘግበዋል። መነሻውን ከደብተር መድረሻውን ከመሣሪያ መውሰድ ውጤቱን ከንቱ ያደርገዋል፤ ሁለቱንም ከአንድ ሰዓት ውሰዱ።

ከዚያም 17.76 ሲጠበቅ 6.5 ሜጋባይት ብቻ ካያችሁ መስመሩን አትውቀሱ። የፒንግ ምላሹ 10 ሚሊሰከንድ ሆኖ የቲሲፒ መስኮቱ (ላኪው ማረጋገጫ ሳይጠብቅ የሚልከው የዳታ መጠን) 65,535 ባይት ላይ ከቆመ ከ6.55 በላይ አይሄድም። ቪሲ-4ን ለመሙላት በዚያ ምላሽ ቢያንስ 187,200 ባይት መስኮት ያስፈልጋል። ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርሃን በፋይበር ደርሶ ለመመለስ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ፒንጉ 10 ከሆነ መስኮቱን ካሰፋችሁ በኋላ መስመሩ በየት ዞሮ እንደሚሄድ ፈትሹ።