ክረምትን ያላየ የተግባር ትምህርት

የዕፅዋት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብራችንን ለመከለስ የተቋቋመው ኮሚቴ ጸሐፊ በነበርኩበት ጊዜ፣ አብዛኛው ክርክራችን የትኛው ኮርስ ይጨመር፣ የትኛው ይታጠፍ በሚለው ላይ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ መሰጠት ስለጀመረ፣ የሁሉም ሐሳብ ይዘቱን ከፈተናው መመዘኛ ጋር በማጣጣም ላይ ነበር።

ለፍላጎት ዳሰሳ በሰሜን ሸዋ ወደሚገኘው የሞረትና ጅሩ ወረዳ ስንሄድ ግን ያልጠበቅነው ጉዳይ ተነሣ። በወረዳው ዋና ከተማ በእነዋሪ ያነጋገርናቸው አንድ አንጋፋ የግብርና ባለሙያ፣ ተመራቂዎቻችን ስለ ጥቁር አፈር ሲጠየቁ አሳምረው እንደሚያስረዱ ከመሰከሩ በኋላ፣ "ነገር ግን ሐምሌ ላይ ማሳ ገብተው አያውቁም፤ ልጆቹን የምትልኩልን መሬቱ ከደረቀ በኋላ ነው" አሉን። እውነታቸውን ነበር። የጅሩ ገበሬ ውኃ ስንዴው ላይ እንዳይተኛበት ከነቤተሰቡ አፈሩን በእጁ እያፈሰ ሰፋፊ መደብና ቦይ የሚያበጀው ግቢያችን ባዶ በሚሆንበት በክረምት ነው። ተማሪው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሲመጣ የሚያገኘው የደረሰ አዝመራ ነው፤ አዝመራውን ለዚያ ያበቃውን ሥራ ግን አያይም። አራት ዓመት ተምሮ አንድም የመኸር ዘር ሲዘራ ሳያይ የሚመረቅ ባለሙያ ማውጣት፣ በእኔ እምነት፣ ከየትኛውም የይዘት ጉድለት የከፋ ነው።

በተከታዩ ስብሰባ አንድ የሥራ ባልደረባችን የኮርሶቹ ስያሜና የክሬዲት መጠን በአገር አቀፍ ደረጃ ወጥ ሆኖ ሳለ እኛ ብቻችንን ልንነካው እንደማንችል አስታወሱ። ተቃውሟቸው ተገቢ ነበር፤ መፍትሔውን ያገኘነውም ገደቡን አክብረን ነው። ስያሜውንና ክሬዲቱን ሳንነካ የኮርሶቹን ቅደም ተከተልና የተግባር ቦታቸውን ቀየርን። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የመስኖ ሽንኩርት ከችግኝ ጀምሮ በሸዋ ሮቢት ቆላ ይታያል። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ደግሞ ተማሪዎቹ ወደ መንዝ ደጋ ወጥተው የበልግ ገብስ እርሻና ዘር ላይ ይገኛሉ። በልጉ ሳይዘንብ የቀረ እንደሆነ፣ ገበሬው በዚያ ዓመት ምን እንደሚወስን በቦታው ተገኝቶ መስማት ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ይህ በሰነዱ ውስጥ እንዲጻፍ አጥብቄ የተከራከርኩትም ለዚህ ነው።

የጅሩ ክረምት ግን በቅደም ተከተል ለውጥ ብቻ የሚደረስበት አልሆነም። ስለዚህ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት መካከል ተማሪዎች በክረምት ከልማት ጣቢያ ሠራተኛ ጋር የሚቆዩበት የመስክ ልምምድ በረቂቁ ገባ። የትምህርት ክፍሉ ጉባኤና ኮሌጁ ረቂቁን ተቀብለው ወደ ሴኔት መርተውታል። የተማሪዎቹ የቀለብና የመጓጓዣ በጀት አልተፈቀደም፤ ጥያቄውን ከእነዋሪው ባለሙያ አስተያየት ጋር አያይዘን አቅርበናል።