ዘፈኑ ያንተ፣ ቻናሉ የሌላ
ደሴ ውስጥ ጀማሪ ዘፋኝ ዘፈኑን አስቀርጾ ሲጨርስ ብዙ ጊዜ የሚሰማው "በእኛ የዩቲዩብ ቻናል ይለቀቅልህ" የሚለውን ነው። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አምባሰልና ባቲ የሚባሉት ቅኝቶች የማንም የግል ንብረት አይደሉም፤ ቀረጻው ግን ባለቤት አለው። ባለቻናሉ ቀረጻውን በሙዚቃ አከፋፋይ ድርጅት በኩል ኮንተንት አይዲ (ዩቲዩብ የተመዘገበ ቀረጻ በሌላ ቪዲዮ ውስጥ ሲገኝ የሚለይበት ሥርዓት) ላይ ካስመዘገበ፣ ዘፋኙ ነገ የራሱን ቻናል ከፍቶ ያንኑ ሲጭን የይገባኛል ጥያቄ ይመጣበታል፤ የማስታወቂያውም ገቢ ወደዚያው ሊሄድ ይችላል።

ተቃውሞ ማቅረብ ይቻላል። ጥያቄውን ያቀረበው ወገን ለመመለስ 30 ቀን አለው። ተቃውሞው ጥያቄው በቀረበ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ፣ ጉዳዩ እስኪፈታ ገቢው ጥያቄው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ዩቲዩብ ዘንድ ይያዛል፤ ከዘገየ ግን የሚያዘው ተቃውሞው ከገባበት ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ስለዚህ የቻናሉን ኢሜይል ሳይከፍቱ መክረም ያስከፍላል።

ዋናው ማስረጃ ውል ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብት (ከሥራው ገቢ የማግኘት መብት) የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ውሉ ላይ ማስተሩ (ያለቀለት ዋናው ቀረጻ) የማን እንደሆነ፣ ለስንት ዓመትና ለየትኛው መድረክ እንደተሰጠ፣ ኮንተንት አይዲ ላይ የሚያስመዘግበው ማን እንደሆነ ይጻፍ። "ሙሉ መብቱን አስተላልፌያለሁ" የምትለዋን መስመር ካያችሁ ሳትፈርሙ አሰርዟት። ከስቱዲዮ ስትወጡም ማስተሩን ጥራቱ ባልተቀነሰ ዌቭ ፋይል፣ ከተቻለ ትራኮቹን (የድምፁንና የየመሣሪያውን ቅጂ) ለየብቻ በፍላሽ ተቀበሉ፤ በቴሌግራም የተላከ ኤምፒስሪ አይበቃም።